የፈትል ገጸ በረከት

ሰው ለወዳጁ ወይም ለልጁ ከገበያ ገዝቶ ከሚሰጠው ይልቅ በገዛ እጁ ደክሞ የሠራለት ስጦታ ለምን አብልጦ ልብን ይነካል የሚለው ጥያቄ፣ ላይ ላዩን ለሚያየው የስሜት ጉዳይ ብቻ ቢመስልም፣ ጠልቆ ለሚመረምረው ግን የፍቅርን ባሕርይ የሚመለከት ብርቱ ጥያቄ ነው። ይህንንም ለመመርመር ከደሴው ሰኞ ገበያ የሚሻል ስፍራ አላውቅም፤ ከቆላ የወጣው ጥጥ ከሚሸጥበት መደብ ፊት ቁጢጥ ብላ፣ ነጭነቱንና የፍሬውን ብዛት በጣቷ እየዘረዘረች የምትመርጥ እናት የልጇን ጋቢ መሥራት የጀመረችው ከዚያች ሰዓት አንሥቶ ነውና።

ያ ጥጥ ቤት ከገባ በኋላ ፍሬው በመዳመጫ ይወጣል፣ በደጋን ይነደፋል፣ ባዘቶም ይሆናል። ከዚያም እናት በግራ እጇ ባዘቶውን ከፍ አድርጋ፣ በቀኝ መዳፏ እንዝርቱን ጭኗ ላይ አሽከርክራ ስትለቀው፣ ክሩ ከጣቶቿ መካከል እየቀጠነ ይወጣል፤ ሲበጠስባትም ሁለቱን ጫፍ አገናኝታ፣ በጣቷ አሽታ ትቀጥለዋለች። ሸማኔው በጥቂት ቀን ሠርቶ የሚያወርደው ጋቢ ለፈታዪዋ ብዙ ወር የሚፈጅ ነው፤ ያም ቢሆን እንጀራው ከተጋገረና ከብቱ ከገባ በኋላ በተረፈችው ሰዓት ነው።

በመጽሐፈ ሳሙኤል ቀዳማዊ እንደ ተጻፈው፣ ሐና ልጇን ሳሙኤልን ለቤተ እግዚአብሔር ከሰጠችው በኋላ፣ በየዓመቱ ትንሽ መደረቢያ እየሠራች ወደ ሴሎ ትወስድለት ነበር። ይህች ነገር እጅግ ትደንቀኛለች፤ ሕፃኑ ከዓመት ዓመት ያድጋልና፣ እናቱ በዓይኗ ሳታየው ቁመቱን በልቧ መለካት፣ ትከሻው ምን ያህል እንደ ሰፋ መገመት ግድ ይሆንባት ነበር። ልጇ አዲስ አበባ ወይም ጅዳ የሄደባት የወሎ እናትም ስትፈትል የምታመሸው በዚሁ አሳብ ነው። በእኩልነቱ ከሆነ የኮምቦልቻው ፋብሪካ ክር የእጅን ፈትል ይበልጠዋል፤ የእጅ ሥራ ስጦታ የሚከብረው ተቀባዩ ራሱ ሳያውቀው በሰጪው አሳብ ውስጥ ያን ሁሉ ወር ስለ ኖረ ነው።

የተገዛ ስጦታ ዋጋው ይታወቃልና ብድሩ ይመለሳል፤ ያለፈ ዕድሜ ግን በምን ይመለሳል? ስለዚህ እንዲህ ያለው ገጸ በረከት በተቀባዩ ላይ ወይ ከባድ ዕዳ ይሆናል፣ ወይ ጸጋ ይሆናል፤ ጸጋ የሚሆነውም ሰጪው ውለታውን ያልቆጠረ እንደ ሆነ ነው። ቁርአን ምጽዋትን በመመጻደቅ ማበላሸትን ይከለክላል፤ መሐላ አፍራሹንም ጠንክራ የፈተለችውን መልሳ በምትበታትን ሴት ይመስለዋል፤ «እኔ ፈትዬ ያለበስኩህ» እያለ በየአጋጣሚው የሚያነሣውንም ሰው ያው ምሳሌ ያገኘዋል ብል የምሳሳት አይመስለኝም።

አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ግን ኅሊናዬ ይወቅሰኛል፤ በጋቢው ውስጥ ሌላ እጅ አለ። የእናትን ፈትል ድርና ማግ አድርጎ፣ እግሩን ከጉድጓዱ ከትቶ መወርወሪያውን ሲያመላልስ የሚውለው ሸማኔ በወሎ ብዙ ጊዜ ሙስሊም ነው፤ ክርስቲያኒቱ ልጇን ለጥምቀት የምታለብሰውም እርሱ የሠራውን ነው። ሆኖም ሸማን የወደደ ሕዝብ ሸማኔን ቡዳ ነው እያለ ሲያማው ኖረ፤ ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሥራው መስደብ የሚከለክል አዋጅ ካስነገሩም በኋላ ሐሜቱ ቶሎ አልጠፋም። እመቤታችን ሐርና ወርቅ አስማምታ ስትፈትል መልአኩ ገብርኤል እንዳበሠራት የምታስተምር ቤተ ክርስቲያን ልጆች ሆነን፣ ልብሱን ለበዓል አክብረን ሠሪውን መናቃችንን ከክህደት አሳንሼ አላየውም።

የቀረው ጥያቄ ይህ ነው፤ በእጅ የተሠራን ስጦታ ለሌላ አሳልፎ መስጠት ሰጪውን መበደል ነውን? ኢማም ቡኻሪ በዘገቡት ሐዲስ፣ አንዲት ሴት በገዛ እጇ የሸመነችውን መጎናጸፊያ ለነቢዩ ሙሐመድ አመጣች፤ እሳቸውም ያስፈልጋቸው ነበርና ተቀብለው ለበሱት፤ ነገር ግን አንድ ሰው ቢለምናቸው ለእርሱ ሰጡት። ሰዎች ለማኙን ቢወቅሱት፣ የፈለግሁት መግነዜ እንዲሆነኝ ነው ብሎ መለሰ፤ እንዲያውም ሆነለት። ትረካው ሴቲቱ ተቀየመች አይልም። ፈትሏ ከልጇ ትከሻ እንዳይወርድ የምትመኝ እናት ብትኖር አልፈርድባትም፤ ድካሟ ድካም ነውና። ሆኖም በደሴ ቁር ጋቢውን አውልቆ የታረዘ ያለበሰ ልጅ፣ በፊቱ ለሌለ ሰው ማሰብን የተማረው ከእርስዋው እንዝርት አጠገብ ተቀምጦ ነው።