ከገና በፊት ጠይቂ

ልጄ፣ ሰመሩን ምን ልታደርጊበት እንዳሰብሽ ብጠይቅሽ «ሥራ ላይ ሰዓት እጨምራለሁ» አልሽኝ። ቀን ተምረሽ ማታ የአረጋውያን መኖሪያ ውስጥ መሥራትሽ ያስመሰግንሻል። ግን እየተከፈላቸው ሰመሩን በላብራቶሪ የሚያሳልፉ ተማሪዎች መኖራቸውን ማንም አልነገረሽም። መጠየቅ ያደርጋል ሊቅ ይባላል፤ መኖሩን ያልሰሙትን ነገር ግን ከየት ተነስተው ይጠይቁታል? ስለዚህ እኔው ልጀምርልሽ።

የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ ፋውንዴሽን እ.ኤ.አ. ከ1987 ጀምሮ የሚደጉመው አር.ኢ.ዩ. የሚባል ፕሮግራም አለ። አንድ ዩኒቨርሲቲ ከየቦታው አሥር ያህል ተማሪዎች ተቀብሎ፣ ከስምንት እስከ አሥር ሳምንት ከተመራማሪዎች ጋር ያሠራቸዋል። ብዙዎቹ በሳምንት 600 ዶላርና ከዚያ በላይ ይከፍላሉ፤ መኖሪያና የጉዞ ወጪ የሚችሉም አሉ። እንዳንቺ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ የሚማሩትን፣ ትምህርት ቤታቸው ውስጥ የምርምር ዕድል የሌላቸውን ይፈልጋሉ። እና «እኔን ማን ይወስደኛል» አትበይ። ባለቤቱ ያቀለለውን አሞሌ ባለዕዳ አይቀበለውም።

ፕሮግራሙ የአሜሪካ ዜግነት ወይም ግሪን ካርድ ይጠይቃል። እንዳንቺ በዲቪ የመጣ ልጅ ግሪን ካርድ ስላለው ማመልከት ይችላል፤ ይህን ሳያውቅ የሚቀር ልጅ ያሳዝነኛል። ጥገኝነት ጠይቃ መልስ የምትጠብቀው ጓደኛሽ ግን በዚህ በር አትገባም። እሷ ዩኒቨርሲቲዎች በራሳቸው ወይም በግል ድርጅቶች ገንዘብ የሚያካሂዷቸውን ትፈልግ።

እንዲህ ያለ ሰመር የት እንደሚያደርስ ለማየት ኪዝሚኪያ ኮርቤትን አስቢ። የኖርዝ ካሮላይና ጥቁር ልጅ ናት። ሰመሯን ላብራቶሪ ውስጥ ማሳለፍ የጀመረችው ገና ሃይስኩል ሳለች ነው። በኋላ እዚሁ ሜሪላንድ፣ ባልቲሞር ካውንቲ ካለው ዩኒቨርሲቲ ገብታ፣ ተማሪ ሳለች ቤተስዳ በሚገኘው ብሔራዊ የጤና ተቋም በዶክተር ባርኒ ግሬም ላብራቶሪ ሠራች። ዶክትሬቷን ይዛ የተመለሰችውም እዚያው ነው፤ በ2020 የሞደርናን የኮቪድ ክትባት ካስገኘው ምርምር መሪዎች አንዷ ሆነች። ቤተስዳ ደግሞ ሀበሻ ከሚበዛበት ሲልቨር ስፕሪንግ ጎረቤት ናት፤ ስንቶቻችን በየቀኑ በተቋሙ በር እናልፋለን።

አሁን ወደ ከባዱ፣ ከማመልከቻው ጋር ወደሚጠየቀው የአስተማሪ የድጋፍ ደብዳቤ ልምጣ። አስተማሪ ፊት ዝም ማለት በእኛ ቤት ጨዋነት ነው። እዚህ ግን ዝም ያለችን ተማሪ አስተማሪው አያውቃትም፤ የማያውቃት ሰው የድጋፍ ደብዳቤ ቢጽፍላት እንኳ «ኤ አግኝታለች» ብሎ ያበቃል። ባለቤቱ ካልጮኸ ጎረቤት አይረዳም። ይሉኝታውን ትተሽ በኦክቶበር አስተማሪሽ ተማሪ በሚቀበልበት ሰዓት፣ በኦፊስ አወሩ ሂጂ። ከትምህርቱ ያልገባሽን አንድ ነገር ጠይቂ፤ በሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ እሱ ራሱ ምን እንደሚመራመር ጠይቂው። ደብዳቤውን ከገና በፊት ለምኚው። ማመልከቻው ብዙውን ጊዜ በጃንዋሪና በፌብሩዋሪ ይዘጋል፤ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። አንድ ቦታ ብቻም አታመልክቺ፤ በ2025 በበጀት ቅነሳ የተሰረዙ ፕሮግራሞች ነበሩና ሰባት ስምንት ቦታ ሞክሪ።

ስለ ራስሽ ጻፊ ሲሉሽ «ከልጅነቴ ጀምሮ ሳይንስ እወዳለሁ» ብለሽ አትጀምሪ፤ ሁሉም የሚለው ይህንኑ ነው። በዓይንሽ ካየሽው ነገር ጀምሪ። ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች ልብስ በእንዶድ ሲያጥቡ አየ። ከሚያጥቡበት ዝቅ ብሎ ውሃው ውስጥ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች ነበሩ። የቢልሃርዚያን በሽታ የሚያስተላልፉት ቀንድ አውጣዎች በመሆናቸው ለምን እንደሞቱ መረመረ፤ የእንዶድ ምርምሩ የተነሳው ከዚያ ነው። አንቺም በማታ ሥራሽ ያየሽው፣ «ይህ ለምን ይሆን?» ያልሽው ነገር አይጠፋም። እሱን ጻፊ።

ከተቀበሉሽ በኋላ የመጀመሪያዎቹ ቀናት የፈሳሽ መለኪያውን፣ የፒፔትን አያያዝ በመልመድ ያልፋሉ። ሙከራው አልሠራ ሲል አትደንግጪ፤ ብዙ ጊዜ አይሠራም። የተሳሳተ ቁጥር ደብተርሽ ላይ ከጻፍሽ አትፋቂው፤ በአንድ መስመር ሰርዘሽ፣ ከሥሩ እየተነበበ፣ ትክክለኛውን ከጎኑ አስፍሪ። ነገ ሌላው ሰው ሥራሽን የሚያምነው የሆነውን ሁሉ ሳትደብቂ ከመዘገብሽ ነው።

አንቺም እናቷ፣ ፋርማሲ ወይም ነርሲንግ ትማርልኝ ማለትሽ ከፍቅር መሆኑን አውቃለሁ። ከመጠምጠም መማር ይቅደም፤ ምርምሩን ብትቀምሰው ከሁለቱም አያስቀራትም። ሌላ ስቴት ለአሥር ሳምንት ብቻዋን መሄዷ ካስጨነቀሽም ጭንቀትሽ ተገቢ ነው። ዶርሙ የት እንደሆነ፣ ከማን ጋር እንደምታድር፣ ማታ ከላብራቶሪ በምን እንደምትመለስ የፕሮግራሙን አስተባባሪ በስልክ ጠይቂ። እንግሊዝኛው ቢያስቸግርሽ እኔ አብሬሽ እደውላለሁ።