ሳይፈርዱ ማየት ለማን ይበጃል?

ማይንድፉልነስ (አሁን የሚሆነውን ሳይፈርዱ ልብ ማለት) በተነሣ ቁጥር የምሰማው ሙግት አንድ ዓይነት ነው። አንዱ «የቡድሃ ሃይማኖት ነው፤ በሕክምና ስም ተሸፍኖ ገባብን» ይላል፤ ሌላው «የተረጋገጠ የሥነ ልቦና ሕክምና ነው» ብሎ ይመልሳል። ሁለቱም ከእውነቱ ገሚሱን ይዘዋል። ጆን ካባት-ዚን እ.ኤ.አ. በ1979 በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ማዕከል፣ ሥር በሰደደ ሕመም ለሚሠቃዩ ሰዎች ሥልጠናውን ሲጀምር ልምምዱን ከቡድሃ መነኮሳት ወሰደ፤ እምነቱን ተወው። ሐሳብን መጠበቅ ደግሞ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ማር ይስሐቅ፣ ፊልክስዩስና አረጋዊ መንፈሳዊ ከጥንት ጀምሮ ገዳማውያን ሲማሩባቸው የኖሩ መጻሕፍት ናቸው። ከቢቸና ብዙ በማይርቀው በዲማ ጊዮርጊስ ገዳም ዙሪያ ያደገ ሰው፣ አርምሞና ተመስጦ ከሩቅ ምሥራቅ የመጣ ነው ቢሉት ይገርመዋል።

እኔን የሚያስጨንቀኝ ሌላ ነው። የካባት-ዚን ትርጓሜ ሁለት ነገር ያጣምራል፤ አሁን የሚሆነውን ልብ ማለት፣ ልብ ባሉት ላይም አለመፍረድ። ዘዴውን ለተጎዳ ልብና ለታመመ ትዳር የሚጠቀሙበት ባለሙያዎች ሁለቱን አንድ ላይ አድርገው ይሰጣሉ። ፊተኛው ለማንም የሚሆን ይመስለኛል። ኋለኛውን ግን ለሁሉ ሰው በእኩል መስጠት እፈራለሁ።

መጀመሪያ ፊተኛውን እንፈትን፤ ሉማሜን እናስብ። በምሥራቅ ጎጃም የአዋበል ወረዳ ዋና ከተማ ናት፤ ከደጀን ወደ ደብረ ማርቆስ የሚወስደው አውራ ጎዳና ያልፍባታል፤ ዙሪያዋ የጤፍ አገር ነው። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ ወዲህ ምሥራቅ ጎጃም በመንግሥት ኃይሎችና በፋኖ መካከል የሚካሄደው ውጊያ ከጎዳቸው አካባቢዎች አንዱ ሆኗል። እዚያ የምትኖር አንዲት እናት ሌሊት ተኩስ ሰምታ ልቧ ሲመታ፣ አንድ አማካሪ ከአዲስ አበባ ደውሎ «ይህ ያለፈ ፍርሃት ነው፤ አሁን ደህና ነሽ፤ ትንፋሽሽን ብቻ ተከተይ» ቢላት የሚነግራት ውሸት ነው። ፍርሃቷ ያለውን ነገር በትክክል እየነገራት ነው። የሥነ አእምሮ ሐኪሟ ጁዲት ኸርማን እ.ኤ.አ. በ1992 ባሳተመችው መጽሐፍ የሥነ ልቦና ቁስል የሚድንበትን መንገድ በሦስት ደረጃ ስታስቀምጥ የመጀመሪያው ደኅንነት ነው። የደረሰውን ማስታወስና ማልቀስ ከዚያ በኋላ ይመጣል፤ ከሰው ጋር እንደገና መቀላቀል ደግሞ መጨረሻ ነው።

ታዲያ ሉማሜ ሰላም እስኪመጣ ትጠብቅ ማለት ነው? እንዲህ ማለት ጭካኔ ይሆናል፤ እውነትም አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀው፣ በድምፅ የተቀረጸ፣ ልብ ማለትንም የሚያስተምር የ5 ክፍለ ጊዜ ሥልጠና በዩጋንዳ በሚኖሩ 694 ደቡብ ሱዳናውያን ስደተኛ ሴቶች ተሞክሮ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2020 ታትሟል። ሥልጠናውን የወሰዱት ሴቶች ጭንቀት ካልወሰዱት ይበልጥ ቀንሷል። ልዩነቱ ትልቅ ባይሆንም ነበር። እነዚያ ሴቶች ድንበር ተሻገሩ እንጂ ኑሯቸው አልተደላደለም። እግር መሬት መርገጡን፣ ጆሮ ምን እንደሚሰማ፣ ዓይን ምን እንደሚያይ ልብ ማለት የሰላም ስምምነት አይጠብቅም። በርግጥ ዓይን ጨፍኖ ትንፋሽን መከተል አንዳንዱን ሰው ወደ ባሰ ትዝታ እንደሚከተው በብራውን ዩኒቨርሲቲ ዊሎቢ ብሪተን ያጠናችው ነው፤ ስለዚህ ዓይን ሳይጨፍኑ መጀመር ይሻላል። ልብ ማለትን በተመለከተ ከዚህ በላይ ሙግት የለኝም።

ሙግቴ አለመፍረዱ ትዳር ውስጥ ሲገባ ነው። ይህ ዘዴ ለባልና ሚስት መሥራቱን ያሳየው ታዋቂ ሙከራ እ.ኤ.አ. በ2004 በጄምስ ካርሰንና ባልደረቦቹ የታተመው ነው። የተሳተፉት 44 ጥንዶች ናቸው፤ ሁሉም ቀድሞውንም በትዳራቸው ደስተኛ የነበሩ። ሳይፈርዱ መደማመጥ ለእነሱ ቢጠቅም አይደንቅም፤ አንዱ ሌላውን አይፈራማ። የእኛ አገር ነገር ሌላ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2005 ባወጣው ጥናት፣ በቡታጅራ አካባቢ ከተጠየቁት ባል ካላቸው ወይም ከነበራቸው ሴቶች 71 በመቶው በሕይወታቸው አንድ ጊዜ እንኳ ከባል አካላዊ ወይም ወሲባዊ ጥቃት ደርሶባቸዋል። ቡታጅራ ጎጃም አይደለም፤ ነገር ግን የተደበደበች ሚስት ሽማግሌ ፊት ስትቀርብ የምትሰማው ቃል በሁለቱም አገር ይታወቃል። «ገመናሽን አታውጪ»፣ «ለልጆችሽ ስትይ ቻይው»፣ «አንቺም ተይ፣ አንተም ተው»። ሽማግሌዎችን ማቃለሌ አይደለም። ደም ሲያደርቁ፣ የድንበር ጠብ ሲያበርዱ ስንት ነፍስ እንዳተረፉ ጎጃሜ ሁሉ ያውቃል። ሚስት ስትመታ ግን ጥፋቱን ለሁለቱ ያካፍሉታል፤ ያልመታችውም ድርሻዋን ይዛ ትመለሳለች። ዕድሜዋን ሙሉ «ሆድ ይፍጀው» ስትባል የኖረች ሴት በመጨረሻ የተማረ ሰው ዘንድ ደርሳ «በሚሰማሽ ላይ አትፍረጂ» ስትባል፣ ከድሮው ምክር የተለየ ነገር መስማቷን በምን ታውቃለች?

ባለሙያዎቹ ለዚህ ጠንካራ መልስ አላቸው፤ ቸኩዬም ላልፈው አልፈልግም። «አልገባህም» ይሉኛል፤ «አለመፍረድ የምንለው በገዛ ስሜቷ ላይ ነው፤ ባሏ በሠራው ላይ አትፍረድ ያለ የለም።» መጀመሪያ ይህ ልዩነት በወረቀት ላይ ብቻ ያለ መስሎኝ ነበር። ነገሩን ሳብሰለስል ግን ሳልወድ እየተቀበልኩት መጣሁ። የተመታች ሴት ከማንም በላይ የምትፈርደው በራሷ ላይ ነው። «ወጡ ባያርብኝ»፣ «አፌን ብይዝ»፣ «ጠጥቶ ሲመጣ ዝም ብል» ትላለች። ይህ ሁሉ ፍርድ ነው፤ የሚፈረድባትም እሷው ናት። አንድ ሰው አጠገቧ ተቀምጦ «እፍረቱ ሲመጣ እዪው፤ እውነት ነውም ሐሰት ነውም አትበይው፤ መምጣቱንና መሄዱን ብቻ እዪው» ቢላት፣ ምናልባት በዕድሜዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ከራሷ ችሎት ትወጣለች። እፍረቱ ፋታ ሲሰጣት ደግሞ የመታትን እጅ በግልጽ ታያለች። እዚህ ላይ በራስ አለመፍረድ ለትክክለኛው ፍርድ መንገድ ይጠርጋል። ይህን እቀበላለሁ።

ግን ይህ የሚሆነው ብቻዋን ስትሆን ነው። ባሏ አጠገቧ ባለው ወንበር ሲቀመጥ ነገሩ ይለወጣል። አሁን «ሳትፈርዱ ተደማመጡ» የሚለው ትእዛዝ ለሁለቱም ነው። የሱ ንዴትና የሷ ፍርሃት እንደ ሁለት እኩል ስሜቶች ጠረጴዛው ላይ ይቀርባሉ። ንዴቱ የራሱ፣ ፍርሃቷ የእጁ ውጤት መሆኑን የሚናገር ከሌለ፣ አለመፍረዱ ከስሜት ተንሸራቶ ድርጊቱ ላይ ያርፋል። አማካሪው ሳያውቀው ከሽማግሌዎቹ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ስለዚህ በመላው ዘዴ ላይ የነበረኝ ተቃውሞ ወደ አንድ ነገር ጠብቧል። ባልና ሚስትን ለየብቻ ጠርቶ «በቤታችሁ ዱላ አለ ወይ?» ብሎ ሳይጠይቅ ሁለቱን አንድ ላይ የሚያስቀምጥ አማካሪ፣ በዚህ ዘዴ ባይጠቀም ይሻላል።

ስለ ሰውየውስ? እዚህ ላይ እርግጠኝነቴ ይሳሳል። በሰሜኑ ጦርነት ዘምቶ የተመለሰ፣ ሌሊት እየጮኸ የሚነቃ፣ ቀን በትንሽ ነገር የሚነድ ገበሬ አስቡ። እሱም ቆስሏል። በንዴቱ ላይ እንዳይፈርድ ቢማር ለጡጫው ምክንያት ያገኝበት ይሆን? ወይስ ንዴቱ ሲነሣ ማየት ከቻለ ከእጁ በፊት ይደርስበታል? እፍረት ላይ ብቻ የተተወ ሰው ሲመር እንጂ ሲለሳለስ ብዙ አላየሁም። መነኩሴው ሐሳቡን የሚመለከተው ብቻውን አይደለም፤ አበ ነፍስ አለው፤ ሐሳቡን ይነግረዋል፤ ለሠራው ኃጢአት ደግሞ ቀኖና ይቀበላል። ስሜቱ በርኅራኄ ይታያል፤ ድርጊቱ ይፈረድበታል፤ እሱ ግን አይጣልም። ለሰውየው የሚያስፈልገው ይህ ይመስለኛል። በምክር ክፍል ውስጥ ቀኖና የሚሰጠው ማን እንደሆነ ግን አላውቅም። አማካሪው ዳኛ አይደለም፤ ዳኛውም አማካሪ አይደለም።

ሉማሜ ውስጥ ይህን ማን ይሠራዋል የሚለውም ቀላል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2003 ከተጀመረው መርሐ ግብር ወዲህ በየገጠር ቀበሌው 2 የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች እንዲመደቡ ተደርጓል፤ ከቤት ወደ ቤት የሚሄዱ፣ የሴቶችን ነገር የሚያውቁ ናቸው። ነገር ግን የዚያው አገር ልጆች ናቸው፤ አንዷ የባልየው የአክስት ልጅ ልትሆን ትችላለች፤ የተነገራት ምሥጢር ገበያ ቢደርስ የሚመታው ጀርባ የሚስትየው ነው። ከሁሉ በላይ የሚከብደኝ ከዚህ በኋላ ያለው ነው። ልብ ማለትን ተማረች እንበል፤ እፍረቷ ተነሣላት፤ «ይህ በደል ነው» ብላ ፈረደች። ፍርዷን ይዛ የት ትሄዳለች? የሴቶች መጠለያ በየወረዳው የለም፤ ውጊያ ባለበት መንገድ ላይ እንደልብ አይኬድም፤ ያባቷ ቤት መልሶ ይልካት ይሆናል። ለሥልጠና ወደ ወረዳ የሚወርዱ ባለሙያዎችን አንድ ነገር ልጠይቅ፤ መሄጃ ሳያዘጋጁላት ዓይኗን የሚያስገልጧት በየትኛው ሥልጣን ነው? መሄጃው እስኪገኝ ሳታይ ትቆይ የማለት ሥልጣንም የእኔ አይደለም።