የቤትን ኢንተርኔት ለጎረቤት ማካፈል ይገባልን?

ጎረቤት ማለት በግድግዳ የሚለይ፣ በኑሮ ግን የማይለይ ሰው ነው። በኢትዮጵያ ከጥንት ጀምሮ ጎረቤት ከጎረቤቱ እሳት ይጭራል፤ እርሾ ይዋሳል፤ ወንፊትና ምጣድ ይለምናል፤ ቡና ሲፈላ ይጠራራል። ይህን የሚከለክል ሰው ስስታም ተብሎ ይነቀፋል እንጂ ብልህ ተብሎ አይመሰገንም። በዚህ ዘመን ግን አባቶች ያላወቁት አዲስ ልመና በደጅ ቆሟል፤ ይኸውም «የዋይፋያችሁን ፓስወርድ ስጡን» የሚል ነው። ጥያቄው ቀላል ይመስላል። ነገር ግን የሚለመነው ነገር እንደ እሳት ነውን? ወይስ እንደ ዘይት ነው? ወይስ ከሁለቱም ልዩ ነው? ይህ ሳይመረመር መስጠትም ሆነ መከልከል በጨለማ እንደ መሄድ ይቈጠራል።

እሳት ለሌላ ቢሰጡት አይጎድልም። ከአንድ ምድጃ ፍም ወስደው አሥር ምድጃ ቢያቀጣጥሉ የፊተኛው ምድጃ እንደ ነደደ ይኖራል። ስለዚህ እሳትን መከልከል ክፋት ነው። ዘይት ግን ለአንዱ በፈሰሰ መጠን ከሌላው ይቀንሳል። በወንጌል ምሳሌ የተነገረላቸው አምስቱ ልባሞች ደናግል ዘይታቸውን ለባልንጀሮቻቸው ባያካፍሉ ነቀፋ አልተጻፈባቸውም፤ ቢያካፍሉ ኖሮ የሁሉም መብራት በመንገድ ይጠፋ ነበርና።

የቤት ኢንተርኔት ከሁለቱም ጠባይ አለው። በጊጋባይት ተመጥኖ የተገዛ እንደ ሆነ በማሰሮ እንዳለ ዘይት ነው፤ ጎረቤት የተጠቀመበት ያህል ከባለቤቱ ይጎድላል። ያለ መጠን በወር ሒሳብ የተገዛ እንደ ሆነ ግን በደጅ እንደሚወርድ ምንጭ ነው። ቤተ ሰቡ ተኝቶ ሳለ ያልተጠጣው ውኃ ለነገ አይጠራቀምም፤ ዝም ብሎ ያልፋል። ሆኖም ምንጩም ወሰን አለው፤ ሁሉም ባንድ ሰዓት ቢቀዱ ይቀጥናል። ማታ የቤቱ ልጅ ትምህርቱን በሚከታተልበት ጊዜ ጎረቤት ሁለትና ሦስት ፊልም ቢከፍት የልጁ ትምህርት ይቈራረጣል። እንግዲህ ሰጪው አስቀድሞ ያለውን ነገር ማወቅ ይገባዋል፤ ትርፉን የሚሰጥና የልጁን ድርሻ የሚሰጥ እኩል አይደሉምና።

የችግሩ ክብደት በ2012 ዓ.ም. በግልጥ ታየ። ከኮሮና በሽታ የተነሣ ከመጋቢት 7 ቀን ጀምሮ ትምህርት ቤቶች በተዘጉ ጊዜ በከተማ ብዙ ትምህርት በቴሌግራምና በኢንተርኔት ይላክ ነበር። መስመር ያለው ልጅ መጽሐፉን ሲቀበል፣ በአንድ ግድግዳ የተለየው ባልንጀራው ባዶ እጁን ተቀመጠ። ከዚያም ወዲህ የፈተናን ውጤት ማየት፣ ሥራ መጠየቅ፣ የመንግሥት ጉዳይ ማስፈጸም ከቀን ወደ ቀን ወደዚሁ መስመር እየገባ ነው። ቅዱስ ባስልዮስ በ4ኛው መቶ ዓመት በቀጰዶቅያ ረኃብ በሆነ ጊዜ፣ በጎተራ የተከማቸው ትርፍ የባለ ጎተራው ሳይሆን የተራበው ሰው ገንዘብ መሆኑን አስተምሯል። ይህ ትምህርት ለእህል ብቻ የተነገረ አይደለም። ለአንዱ የማይጠቅም፣ ለሌላው ግን የኑሮ በር የሚሆን ትርፍ ሁሉ በዚህ ፍርድ ሥር ይገባል።

ነገር ግን ሁለት ብርቱ መከራከሪያዎች ይነሣሉ፤ ሁለቱም በችኰላ የሚታለፉ አይደሉም።

ፊተኛው፣ መስመሩ የከፋዩ ብቻ አይደለም የሚል ነው። ከኩባንያው ጋር የተገባ ውል አለ፤ በብዙ አገርም እንዲህ ያለው ውል መስመሩ ለአንድ ቤት እንዲያገለግልና ለሌላ እንዳይሸጥ ይወስናል። «ኩባንያው ባለጠጋ ነውና ምን ይጎዳዋል?» የሚል ሰው መልስ አልሰጠም፤ የባለጠጋ ገንዘብ መስረቅም ስርቆት ነውና። ይልቁንም በኢትዮጵያ አብዛኛው የኢትዮ ቴሌኮም ድርሻ የመንግሥት ስለ ሆነ፣ በእርሱ ላይ የሚደረግ ማታለል በሕዝብ ሀብት ላይ የሚደረግ ነው። ለዚህ ነገር ኦሪት ዘዳግም መልካም ሚዛን ያቀርባል። ወደ ባልንጀራው የወይን ቦታ የገባ መንገደኛ ለራቡ ያህል እንዲበላ ተፈቅዶለታል፤ በቅርጫት ሞልቶ መውሰድ ግን ተከልክሏል። ሕጉ ችግረኛውንም ባለ ወይኑንም ጠብቋል። ለአንድ ተማሪ የፈተና ሳምንት መስመር መስጠት፣ የታመመ ዘመዱን በውጭ አገር ለሚጠይቅ ጎረቤት በር መክፈት እንደ እሸት መቅጠፍ ነው። በአንድ ሰው ስም መስመር አስገብቶ ለስምንት ቤት በየወሩ ማከፋፈልና ከዚያ ማትረፍ ግን ቅርጫት ይዞ መግባት ነው። አንዱ እንግዳ መቀበል ሲሆን ሁለተኛው ያለ ፈቃድ መነገድ ነው። ብዙ ቤቶች በኅብረት ሊጠቀሙ ቢወዱ ውሉን አንብበው ኩባንያውን በግልጥ ይጠይቁ፤ በግልጥ ሊጠየቅ የማይችል ነገር ብዙ ጊዜ በቀና መንገድ ላይ አይገኝም።

ሁለተኛው መከራከሪያ ከፊተኛው ይከብዳል። በአንድ ራውተር በኩል የሚወጣ ሁሉ፣ የባለቤቱም ቢሆን የጎረቤቱም ቢሆን፣ ከውጭ ሲታይ አንድ አድራሻ ይዞ ይወጣል። ኩባንያው በመዝገቡ የሚያገኘውም የተዋዋለውን ሰው ስም ነው። ስለዚህ የይለፍ ቃሉን የሰጠ ሰው እንጀራ እንደ ሰጠ ብቻ አይደለም፤ ስሙንም አውሷል፤ በአሮጌው ቋንቋ ዋስ ሆኗል። በጀርመን አገር አንድ ሰው ለዕረፍት ከቤቱ ርቆ ሳለ በዋይፋዩ መስመር ዘፈን ያለ ባለ መብቱ ፈቃድ ለሕዝብ ቀርቦ ተገኘ። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2010 ዓ.ም. በግንቦት ወር የፌዴራሉ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በነገሩ ፈረደ። ያላደረገውን ጉዳት እንዲክስ አላስገደደውም፤ ነገር ግን መስመሩን በሚገባ ባለመዝጋቱ ለማስጠንቀቂያው የወጣውን ወጪ ይቻል አለው። አገሪቱ በ2017 ሕግዋን ለውጣ ይህን ሸክም ከባለ ዋይፋዮች ላይ አቃለለች። ሕግ እንዲህ ሊለዋወጥ ይችላል፤ የሕሊና ጥያቄ ግን አይለወጥም። በአንድ ሰው ስም ስድብ፣ ማታለል ወይም ነውር ቢላክ፣ ስሙን ሳያስብ የሰጠው ሰው ከሐዘን ነጻ አይሆንም።

ከዚህ የተነሣ ማካፈል መልካም ነው፤ ሥርዓት ግን ይፈልጋል። ዋስ የሚሆኑት ለሚያውቁት ሰው ነው፤ መስመርም እንዲሁ። ብዙዎቹ ራውተሮች ለእንግዳ የተለየ መስመርና የተለየ የይለፍ ቃል ሊያወጡ ይችላሉ፤ በዚህም እንግዳው ወደ ቤቱ ኮምፒዩተሮች ሳይገባ ይስተናገዳል። ሰዓቱንና ዘመኑን መወሰን፣ ጉዳዩ ሲፈጸም ቃሉን መለወጥ ንፉግነት አይደለም።

ተቀባዩም ግዴታ አለበት። ተዘግቶ ያልተገኘ በር ሁሉ «ግባ» ማለት አይደለም፤ በ2008 ዓ.ም. የወጣው የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958 ያለ ፈቃድ ወደ ሌላ ሰው ኔትወርክ መግባትን በወንጀል ይቈጥረዋል። የተቀበለውን ቃል ለሦስተኛ ሰው አያሳልፍ፤ የቤቱ ሰዎች በሚሠሩበት ሰዓት ይቈጠብ፤ ቃሉ በተለወጠም ጊዜ አይቀየም።

መስጠት የማይችል ሰውም አለ። መተዳደሪያው በዚያ መስመር የሚሠራ፣ ወይም ለጠያቂው ጠባይ ዋስ መሆን የማይደፍር ሰው ቢከለክል አይነቀፍም። የሚነቀፈው በሐሰት የሚከለክል ነው። መስመሩ እየሠራ «ተበላሽቷል» የሚል ሰው ትንሽ ገንዘብ ለማዳን እውነትን ከስሯል። «አልችልም» የሚል ቃል ለአንድ ቀን ያሳፍራል፤ ውሸት ግን ከጎረቤት ጋር በኖሩበት ዘመን ሁሉ ያሳፍራል።

ከሁሉም በላይ አንድ ነገር መታሰብ አለበት። እሳት የሚጭር ሰው በበሩ ገብቶ፣ ሰላምታ ሰጥቶ፣ የቤቱን ደኅንነት ጠይቆ ነበር የሚመለሰው። ዋይፋይ ግን በግድግዳ ያልፋል፤ ሁለት ጎረቤቶች አንድ መስመር እየተካፈሉ ዓመት ሙሉ ሳይተያዩ ሊኖሩ ይችላሉ። የይለፍ ቃል በወረቀት ጽፎ ከመላክ ይልቅ የጎረቤቱን ልጅ ወደ ቤት ጠርቶ ከራስ ልጅ አጠገብ ማስቀመጥ ይሻላል። በዚህ መንገድ ልጁ ይማራል፤ የባለቤቱ ስም ይጠበቃል፤ ውሉም አይፈርስም፤ ማካፈል ማለትም ትርፍን በግድግዳ ማሳለፍ ብቻ ሳይሆን ሰውን በበር መቀበል መሆኑ ይታወቃል።