መፈክርና እድር

አንድ ጥያቄ ይዘን ቀርበናል። የተቸገረ ሕዝብ ያለችውን ጥቂት ጉልበት በምን ላይ ያውላት? ለአንድ ሰሞን በሚጋጋል ዘመቻ ላይ ወይስ ዓመታት በሚፈጅ የጎረቤት መደራጀት ላይ?

በ1967 ዓ.ም. «እድገት በኅብረት የእውቀትና የሥራ ዘመቻ» ሲታወጅ ወደ 60 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ተሰማሩ። ፊደል አስቆጠሩ፤ ገበሬውን በማኅበር አደራጁ። የብዙዎቹ ልብ ንጹሕ ነበር፤ ድካማቸውን አናቃልልም። ነገር ግን ዘማቹ እንግዳ፣ ትእዛዙም ከላይ የመጣ ነበር። ዘማቹ ተመለሰ። የገበሬ ማኅበሩም እያደር የገበሬው አፍ መሆኑ ቀርቶ የመንግሥት እጅ ሆነ፤ የእህል ኮታና የምልምል ወታደር መሰብሰቢያ ሆነ።

እድርን ደግሞ ተመልከቱ። ንጉሡ ወረዱ፤ ደርግም በ1983 ዓ.ም. ወደቀ፤ እድር ግን ዛሬም ድንኳኑን ይተክላል። ምሥጢሩ ቀላል ነው። ጸሐፊው መዝገብ ይይዛል፤ ገንዘብ ያዡ በአባላቱ ፊት ሒሳብ ያስረዳል፤ የቀረ ይቀጣል፤ ያጠፋ ዳኛ ይሻራል።

«እድር ሬሳ ይቀብራል እንጂ መብት አያስከብርም» የሚሉን አሉ። እውነት አላቸው፤ ብቻውን አይበቃም። ራት ላጣ ሰውም «ታገሥ» ማለት ግፍ ነው። ነገር ግን ራሽን ሲቀነስ በቁጣ የወጣው ሕዝብ በማግስቱ «ማን ገብቶ ይናገርልን?» ሲባል ሁሉ የሚያምነውን ሰው ከየት ያመጣል? መተማመን በአንድ ቀን ጩኸት አይገኝም። አስቀድሞ በትንሽ ሒሳብ፣ በትንሽ አደራ የተፈተነ ሰው ያስፈልጋል።

ከሁሉ የሚከብደው ግን ይህ ነው። «ነገ ለምለቀው ሰፈር ዛሬ ለምን ልድከም?» እንላለን። እኛም ብለነዋል፤ ዓመታትም በዚሁ አለፉብን። ይህ ካኩማ በ1984 ዓ.ም. ሲቆም ለጊዜው ተብሎ ነበር፤ ያን ጊዜ የተወለደ ሕፃን ዛሬ ሠላሳ ዓመት አልፎታል። መሄጃውም ለሁላችን በአንድ ቀን አይደርስም። ስንመጣ ውኃ የሚቀዳበትን ያሳየን፣ ሸራ አብሮን የወጠረ ቀድሞን የመጣ ሰው ነው። የእርሱን ዕዳ የምንከፍለው ከኋላችን ለሚመጣው ነው። ፍሬውን ባንበላም ተክሉ የእኛ ግዴታ ነው።

እንግዲህ በትንሹ እንጀምር። በየመስመሩ አሥር ቤት ሆነን በወር አንድ ቀን እንቀመጥ፤ አንድ ደብተር እንክፈት፤ የታመመውንና አዲስ የገባውን እንመዝግብ። መፈክሩ ሲያስፈልግ ያኔ የሚያሰማው የተደራጀ ሕዝብ ይኖራል።