አሥራ ስምንት እርከን፣ አሥራ ስምንት ቀን

አንዲት ወጣት ከደርብ ወደ እልፍኝ ለመውረድ አሥራ ስምንት የደረጃ እርከኖች ቢኖሩባት ምን ያህል ጊዜ ይፈጅባታል? በተውኔት መድረክ ላይ ከግማሽ ደቂቃ አያልፍም፤ እኔም ብሆን ከዚያ በላይ አልፈቅድላትም። በቻይና፣ ከያንግትዜ ወንዝ በስተደቡብ በሱዡ ከተማና በአካባቢዋ በሚታወቀው የዜማ ትረካ ግን ይህችው ወጣት 18 ቀን ሙሉ ደረጃው ላይ እንደቆየች ይነገራል። አድማጩም በየዕለቱ ሻዩን እየጠጣ ጠብቋታል።

ትረካው «ታንትስ» ይባላል፤ ያለ ዜማ ከሚነገረው የሙያ ወንድሙ ጋር ተጣምሮ «ፒንግታን» የሚል የወል ስም አለው። ብዙውን ጊዜ ሁለት ከያንያን በአንዲት ትንሽ ጠረጴዛ ግራና ቀኝ ይቀመጣሉ፤ አንዱ ሳንሺየን የተባለውን ባለ ሦስት አውታር፣ ሌላው ፒፓ የተባለውን ባለ አራት አውታር መሣሪያ ይዞ። ትዕይንት አይለወጥም፤ አልባሳት አይቀየርም። በሱዡ አነጋገር ይተርካሉ፣ ያዜማሉ፣ ይቀልዳሉ። ያው አንዱ ሰው ተራኪ ሆኖ ይጀምርና ድንገት ሽማግሌ፣ ቀጥሎም ልጃገረድ ይሆናል። አንድ ታሪክ በየዕለቱ እየተቆረሰ ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ይዘልቅ ነበር።

ወጣቷ ቼን ትሱዌ ትባላለች፤ ታሪኩም በ19ኛው ምዕተ ዓመት ማ ሩፌይ የተባለው ባለሙያ የገነነበት «የሉል ፓጎዳ» ነው። ፋንግ ቺንግ፣ የደኸየ የሹም ቤተሰብ ልጅ፣ ገንዘብ ሊበደር ወደ አክስቱ ይሄዳል። አክስቱ ድህነቱን አይታ ታዋርደዋለች። ልጇ ትሱዌ ግን ከሉል የተሠራ የፓጎዳ አምሳል ጌጥ በስንቅ ውስጥ ደብቃ ትሰጠዋለች። ከዓመታት በኋላ ፈተና አልፎ ለታላቅ ማዕርግ የበቃው ፋንግ ቺንግ፣ ሹመቱን ሰውሮ በዳኦ መነኩሴ ልብስ ይመለሳል። ልጅቱ ደረጃው ላይ የምትቆመው ያን ጊዜ ነው። ልውረድ? ወርጄስ ምን እለዋለሁ? እናቴስ? አንድ እርከን ትወርዳለች፤ ታስባለች፤ ትመለሳለች።

እዚህ ላይ አንድ ክስ ይነሣል፤ ክሱም ቀላል አይደለም። ተራኪው የሚኖረው በየዕለቱ ከሚሸጠው መግቢያ ነው። ልብ የሚሰቅለውን ነገር ለነገ አሳድሮ መነሣትን ባለሙያዎቹ ራሳቸው «ቋጠሮ መሸጥ» ይሉታል። ታዲያ የልጅቱ ጭንቀት የኅሊና ነው ወይስ የገበያ? የሁለቱም ነው ብል ከክሱ የሸሸሁ አይመስለኝም። ጋጋሪው በማትረፉ እንጀራው ሐሰት አይሆንም። መጠየቅ ያለበት፣ በቆይታው ውስጥ ያለው ምንድን ነው? የሚለው ነው።

አክስቲቱ ሰውን ለመመዘን አንድ አፍታ በቅቷታል። ልጅቱ 18 ቀን ያስፈልጋታል። አድማጩ ደግሞ ከሁለቱም ይለያል፤ ሰውየው ሹም መሆኑን አስቀድሞ ያውቃል፤ መጨረሻውንም ምናልባት ከአያቱ ሰምቶታል። ስለዚህ የሚቀመጠው ለማወቅ አይደለም። የማታውቅ ሰው ውሳኔ ምን ያህል እንደሚከብድ፣ እርሱ እያወቀ፣ አብሯት ሊሸከም ነው። እኔ ይህን ከመዝናኛ ይልቅ ከሥነ ምግባር እቆጥረዋለሁ። (የወደደችውን ሰው በጨርቅ የሚፈትነው ፋንግ ቺንግ ግን ከአክስቲቱ ባልተናነሰ ያስቆጣኛል።)

እርከኖቹን የመቁረጥ ሥልጣንስ የማን ነው? በ1951 እ.ኤ.አ. ማብቂያ ላይ የሻንጋይ ባለሙያዎች የጥንቱን ታሪክ ከእንግዲህ አንተርክም ሲሉ አስታወቁ፤ እርምጃውም «ጅራት መቁረጥ» ተባለ። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ታሪኮቹ ተመለሱ፤ ከ1966 እስከ 1976 በዘለቀው የባህል አብዮት ዘመን ደግሞ ዳግመኛ ጸጥ አሉ። በ2006 ፒንግታን በአገሪቱ የማይዳሰሱ ቅርሶች ብሔራዊ መዝገብ ሰፈረ። ዛሬ ለጎብኚ የሚቀርበው የጥቂት ደቂቃ ዜማ ነው፤ ውብ ነው፤ ደረጃ ግን የለበትም። ረጅሙን ትረካ ከሰዓት በኋላ በየትረካ ቤቱ የሚከታተሉት አብዛኞቹ አረጋውያን ናቸው። ለእነርሱም ቢሆን አንድ ታሪክ ብዙውን ጊዜ በሁለት ሳምንት ገደማ እንዲያልቅ ይታጠራል። ደረጃው ብቻውን ከዚያ ይበልጥ ነበር።