ጊታሩ ይወደዳል፤ ሠሪውስ?

በወልቂጤ ወይም በቡታጅራ የሚኖር አንድ ወጣት፥ ከባሕር ማዶ የመጣውን ትቶ፥ ከገዛ አሳቡ የወጣ የኤሌክትሪክ ጊታር በገዛ እጄ ልሥራ ቢል ሰው ምን ይለዋል? «ተጫዋች ልሁን» ቢል ብዙዎች ያደንቁታል፤ «ሠሪ ልሁን» ቢል ግን «አናጢ ልትሆን ነውን?» የሚለው አይታጣም። እንግዲህ ሥራውን እየወደድን ሠሪውን ስለ ምን እናቃልላለን?

ሥራው እንደሚመስለን ቀላል አይደለም። እንደ ዋንዛ ያለ በሚገባ የደረቀ እንጨት ይመረጣል፤ እርጥብ እንደ ሆነ ኋላ ይጣመማልና። ቀጥሎ በአንገቱ ላይ ቀጫጭን ብረቶች በልክ ይደረደራሉ። የክሩ ርዝመት 648 ሚሊሜትር ቢሆን፥ የመጀመሪያው ብረት ከአንገቱ ጫፍ 36.4 ሚሊሜትር ያህል ርቆ፥ ዐሥራ ሁለተኛው ደግሞ በእኩሌታው፥ በ324 ላይ ይተከላል። ከክሮቹ በታች በመግነጢስ ዙሪያ ብዙ ሺህ ጊዜ የተጠመጠመ ቀጭን የመዳብ ሽቦ አለ፤ የብረቱ ክር ሲንቀጠቀጥ በሽቦው ውስጥ ኤሌክትሪክ ይነሣል፥ ድምፅ ማጉያውም ያሰማዋል። ልኩ የተሳሳተ እንደ ሆነ ጆሮ ይመሰክራል። ስለዚህ ይህ ሥራ የእጅ ብቻ ሳይሆን የእውነተኛነትም ትምህርት ቤት ነው።

የጉራጌ አገር ይህን ጥያቄ ከቀድሞ ጀምሮ ያውቀዋል። ክብ ቤቱ በውበቱ የታወቀ ነው፤ ምሰሶውን ጠርበው የሚያቆሙት ባለሙያዎች ግን ለብዙ ዘመን ከገበታም ከጋብቻም ተገልለው ኖረዋል። ሰው እነርሱ ያቆሙትን ምሰሶ ተደግፎ እነርሱን ይንቅ ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛ በሥራው እንዳይሰደብ ዐዋጅ አስነገሩ፤ ነገር ግን ዐዋጅ አፍን ይዘጋል እንጂ ልብን አይለውጥም።

ወጣቱም በበኩሉ፥ አዲስ ሥራ ማለት እንግዳ ቅርፅ ማውጣት ብቻ እንዳይመስለው። አሜሪካዊው ሊዮ ፌንደር ሬዲዮ ጠጋኝ ነበረ፤ ጊታር መጫወት እንኳ አያውቅም ነበር። ነገር ግን የተጫዋቾችን ችግር በትዕግሥት እየሰማ፥ በ1950 እ.ኤ.አ. ሆዱ ያልተቦረቦረ የኤሌክትሪክ ጊታር ለገበያ አወጣ፤ ስሙም እስከ ዛሬ ይጠራል። የእኛም ወጣት ትዝታንና ባቲን የሚጫወተውን ሰው «ምን ይቸግርሃል?» ብሎ ይጠይቅ። የራሱ የሆነ ሥራ የሚወለደው ሌላውን ከመስማት ነው።

ወጣት አንባቢ ሆይ፥ መልካም ጊታር ስትሰማ «ማን ተጫወተው?» ብለህ ብቻ አትተው፤ «ማን ሠራው?» ብለህም ጠይቅ። ከዚያም ራስህን መርምር፤ እኅትህ እንጨት ጠራቢ ላግባ ብትል ታፍራለህን ወይስ ደስ ይልሃል? ለሠሪው ያለህን ክብር የሚለካው ለጊታሩ ያጨበጨብኸው ጭብጨባ ሳይሆን ይህ መልስ ነው።