ስለት ንግድ ነውን?

አንዳንድ ጓደኞቻችን ስለትን «ከሰማይ ጋር የሚደረግ ንግድ» ይሉታል። «ይህን ብታደርግልኝ ይህን አስገባለሁ» ማለት ከገበያ ድርድር በምን ይለያል ባዮች ናቸው። ጥያቄው የሚናቅ አይደለም። እኛ ድሬዎች ደግሞ ልንሸሸው አንችልም፤ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19፣ ወደ ቁልቢ ገብርኤል ከሚጎርፈው ሕዝብ ብዙው በደጃችን ያልፋል። ድሮ በአሮጌው ባቡር መጥቶ ለገሃሬ ይወርድ ነበር፤ ዛሬ በአውሮፕላንም በመኪናም ይመጣል።

ቁልቢ ከከተማችን በደንገጎ ዳገት በኩል ከ60 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። ደብሩን የተከሉት ራስ መኮንን ናቸው፤ ከዐድዋው ድል (1888 ዓ.ም.) ጋር የተያያዘ የራሳቸው ስለት ነበረባቸው ይባላል። ዛሬም ሰው ጥላ፣ ጧፍ፣ ምንጣፍ፣ ወርቅ ይዞ ይመጣል። የስለት ልጇን አዝላ ለክርስትና የምታመጣ አለች። ድንጋይ ተሸክሞ ዳገቱን የሚወጣም አለ። ሙስሊም ጎረቤቶቻችንም ስለታቸውን ያደርሳሉ፤ ድሬ ላይ ይሄ ማንንም አይገርምም።

እስቲ ንግድ ነው እንበል። ባለዕዳውን ታዲያ ማን ይከሰዋል? ውል የለ፣ ምስክር የለ፣ ዳኛ የለ። እናት በሌሊት፣ ልጇን ትኩሳት ይዞባት፣ ለብቻዋ የተናገረችው ቃል ነው። ልጁ ከዳነ በኋላ ብትተወው የሚያውቅባት የለም። ግን ዓመታት ቆይታም ቢሆን ሳንቲም አጠራቅማ ትመጣለች። ነጋዴ እንዲህ ያለውን ዕዳ ይከፍላል የሚል ካለ ከፊራ ወርዶ ይጠይቅልን!

ነገሩ የእኛ አገር ብቻም አይደለም። በደቡብ ሕንድ መንደሮች ማሪያማን የምትባል የሂንዱዎች ሴት አምላክ አለች። ሕዝቡ ሲሳልላት የኖረው በተለይ ከፈንጣጣ እንድትጠብቀው ነበር። በ1972 ዓ.ም. ፈንጣጣ ከምድር መጥፋቱ ታወጀ። በንግድ ሕግ ቢሆን ሱቁ መዘጋት ነበረበት። አልተዘጋም፤ ዛሬም ሰው ስለቱን ይዞ ደጇ ይሄዳል።

እኛን የሚከብደን ሌላ ነው፤ ያልሰመረላት ሴት ነገር። ተስላ ልጇ የሞተባት። የስለት ወሬ ሁሉ የሰመረለት ሰው ወሬ ነው፣ እሷን የሚያነሳት የለም። በንግድ ስሌት ዕዳ የለባትም፤ ቤቷ ብትቀር ማንም አይወቅሳትም። ሆኖም እንዲህ ያሉ እናቶችም ጧፋቸውን ይዘው ከሰው መሐል ዳገቱን ይወጣሉ። ጓደኞቻችን ለእነሱ የሚሆን ቃል ከንግድ መዝገብ ውስጥ ካገኙ ያሳዩን።